ብሔራዊ የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ለሠራተኛው ምን ያደርጋል?



ደመወዝ፣ ዕረፍትና ጤናማ መኖሪያ መብቶች እንጂ የአሠሪ ችሮታ አይደሉም። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2018 የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ፍትሐዊ ክፍያንና ዕረፍትን የሠራተኛ ሁሉ መብት አድርጎ ይደነግጋል። የእነዚህን መብቶች አፈጻጸም ከሚከታተሉት ተቋማት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው ብሔራዊ የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ነው።

ኮሚቴው ከውጭ አገር ሠራተኞችም ጭምር አቤቱታ ይቀበላል፤ የሠራተኞችን መኖሪያና የሥራ ቦታ ይጎበኛል፤ ያገኘውንም በሪፖርት አጠናቅሮ ለመንግሥት ምክረ ሐሳብ ያቀርባል። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት ስላልሆነ አሠሪን ደመወዝ እንዲከፍል ሊያስገድድ አይችልም። ስለዚህ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠይቅ ሠራተኛ በቅድሚያ ለሥራ ሚኒስቴር ያመልክት። በዚያ ስምምነት ካልተገኘ ጉዳዩ አስገዳጅ ውሳኔ ወደሚሰጡት የሥራ ክርክር ኮሚቴዎች ይመራል።

ታዲያ ለብሔራዊ ኮሚቴው ማመልከት ምን ይጠቅማል? አንድ ቅሬታ ብቻውን የአንድ ቤት ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ተመሳሳይ ቅሬታዎች ሲመዘገቡ ግን የሕጉን ወይም የአፈጻጸሙን ጉድለት ይገልጣሉ፤ ኮሚቴውም ማሻሻያ እንዲደረግ የሚጠይቅበት ማስረጃ ያገኛል።

አቤቱታ ስታቀርቡ በደሉን ከሕጉ ጋር አነጻጽራችሁ ግለጹ። የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15/2017፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በሳምንት አንድ ቀን ከክፍያ ጋር ዕረፍት እንዲሰጥም ያዛል። እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ለቤት ሠራተኞችም ጭምር 1,000 ሪያል ነው። አሠሪው ምግብ ካላቀረበ 300፣ መኖሪያ ካላቀረበ ደግሞ 500 ሪያል ይጨመራል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፣ የውላችሁን ግልባጭ ያዙ፤ ደመወዝ የቀረባችሁን ወርና ያለ ዕረፍት የሠራችሁበትን ቀን ጻፉ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የምትተዳደሩም ውላችሁ ካበቃ አንድ ዓመት ካለፈው ጥያቄያችሁ በይርጋ ስለሚቀር ጊዜው ሳያልፍባችሁ አመልክቱ።