ጀጎል ውስጥ መቶ ሜትር ከየት ይመጣል?

በነሐሴ 1983 ዓ.ም. የወጣው የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ ቁጥር 3/1983፣ ሰው ለሰልፍ የማይወጣባቸውን ቦታዎች በሜትር ለክቶ ያስቀምጣል። ከኤምባሲ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመቃብር ሥፍራ 100 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ከጦር ኃይል ተቋማት ደግሞ 500 ሜትር። ገበያም በገበያ ቀን አይነካም። ሰፊ ሜዳ ላለው ከተማ ይህ ልክ አያስቸግርም፤ ሐረር ጀጎል ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ 48 ሄክታር ያህል ናት። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ዩኔስኮ 82 መስጊዶችና 102 የዝያራ ሥፍራዎች እንዳሏት ጽፏል። መሬቱን ለመስጊዶቹ ብናካፍለው ለእያንዳንዱ 6,000 ካሬ ሜትር እንኳ አይደርሰውም፤ ጎኑ 77 ሜትር የማይሞላ አራት ማዕዘን ማለት ነው። ከአንዱ መስጊድ መቶ ሜትር ልራቅ ያለ ሰው ሳያስበው ሌላው ደጃፍ ላይ ይቆማል። ፈረስ መጋላ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለበት፤ ግድር መጋላ ደግሞ ገበያ ነው። አዋጁ እንደተጻፈው ከተነበበ በጀጎል ውስጥ ለሰልፍ የሚሆን ቦታ የለም ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው።

ይህችው ከተማ ግን በመሰብሰብ የምትታወቅ ናት። ከረመዳን ፍቺ በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ የሚከበረው ሸዋሊድ ሕዝቡን በአው ሹሉም አሕመድና በአው አክበራ የዝያራ ሥፍራዎች ያሰባስባል፤ በከረቡ ከበሮ ምትና ከበል በሚባለው የእንጨት ማጨብጨቢያ የታጀበው ዚክሪ፣ መንፈሳዊው ዜማ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል፤ ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ማዶም ሰው ይመጣል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓሉን በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ያ ሁሉ ሕዝብ ጠባብ ቦታ ላይ ተጨናንቆ የሚያድርበት ሥርዓት በጥበቃ ብዛት የቆመ አይደለም። ቦታው ይታወቃል፤ ጊዜው ከዓመት ዓመት ይታወቃል፤ ሥፍራውን የሚጠብቀው ሙሪድም ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሠርግና ለቅሶን የሚሸከመው አፎቻም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ነገር ሲበላሽ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የሐረር መናፈሻዎችና አደባባዮችም የሚያስፈልጋቸው ይኸው ነው እላለሁ፤ የታወቀ ቦታ፣ የታወቀ ሰዓት፣ የታወቀ ኃላፊ፣ ይህም በጽሑፍ ሰፍሮ። የፈቃድ ወረቀት የሚሰጠው ሰው መልካም ፈቃድ ይህን ሊተካ አይገባም።

የሚገርመው፣ ይህን አሠራር የሚያስተምረን ከላይ የተቸነው አዋጅ ራሱ መሆኑ ነው። በአዋጁ መሠረት አዘጋጁ ከ48 ሰዓት በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ከመንግሥት የሚፈልገውን እርዳታ ገልጾ በስሙና በአድራሻው ይፈርማል። ማዘጋጃ ቤቱ «አይደረግም» ማለት አይችልም። ጊዜው ወይም ቦታው ቢለወጥ ይሻላል ካለ ግን ምክንያቱን ጽፎ በ12 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይያዝ በሰላም የመሰብሰብን መብት ሰጥቶ፣ ሥነ ሥርዓት ሊወጣለት የሚችለው የሕዝብ እንቅስቃሴ እንዳይታወክና ሰላምና መብት እንዲጠበቅ መሆኑን ይገልጻል። ሰማያዊ ፓርቲ በ2005 ዓ.ም. ሰልፉን የአፍሪካ ኅብረት 50ኛ ዓመት በሚከበርበት ሰሞን ሊያደርግ አስቦ ነበር፤ የአዲስ አበባ አስተዳደር ቀኑ እንዲገፋ ጠየቀ፤ ሰልፉም ግንቦት 25 ተካሄደ። የአዋጁ መንገድ በቅንነት ሲሄዱበት እንደሚያስኬድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

አዋጁ ግን ከርእሱ እንደሚታየው ስለ ሰልፍና ስለ ፖለቲካ ስብሰባ ብቻ ነው የሚናገረው። መናፈሻ ውስጥ የሚደረገው አብዛኛው ነገር ደግሞ ከፖለቲካ ጋር ዝምድና የለውም። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ፎቶ ሊነሡ ይመጣሉ፤ የመጻሕፍት ክበብ ሣር ላይ ተቀምጦ ሊወያይ፣ ተማሪዎች ምረቃቸውን ሊያከብሩ፣ ወጣቶች በጎ ፈቃድ ሊያስተባብሩ ይፈልጋሉ። ለእነዚህ የሚሆን ግልጽ ደንብ በር ላይ ተለጥፎ የሚገኝበት የአገራችን መናፈሻ ብርቅ ነው። ደንቡ ያለው በጥበቃው አፍ ነው፤ ትናንት «ግቡ» ያለው ዛሬ «ደብዳቤ አምጡ» ይላል፤ ደብዳቤው ለማን እንደሚጻፍ ሲጠየቅ ደግሞ አንዱ ወደ ወረዳ፣ ሌላው ወደ ማዘጋጃ፣ ሦስተኛው ወደ ፖሊስ ያመላክታል። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ለፖለቲካ ሰልፍ የወጣ ሰው የሚጠቅሰው አንቀጽ ሲኖረው፣ ለልደት ኬክ ሊቆርስ የመጣው ምንም የለውም።

«ጀጎል ቅርስ ነው፣ እንዴት ክፍት ይሆናል?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ሳይመልሱት ማለፍም አይገባም። መኪና ከሐረር በር ገብቶ የሚደርሰው ፈረስ መጋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በአብዛኛው ለእግረኛ የተሠራ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያም ሞልቷል። ስለዚህ አደባባዩ ላይ አንድ ሰፊ ድንኳን ከተተከለ ባጃጁና ያ የድሮው ፔጆ 404 ታክሲ ይቆማሉ፤ አምቡላንስም አብሮ ይቆማል። የድንኳን ገመድ ከድንጋዩ ግንብ ላይ ቢታሰር፣ ድምፅ ማጉያ በአሮጌ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል የሚደርሰውን ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያሻም። ይህ ሁሉ ግን የሚነግረን ጀጎል ውስጥ ምን እንደማይደረግ ነው፤ ማን እንዳይሰበሰብ አይደለም። «ከግንቡ ላይ ገመድ አይታሰርም፣ የመኪና መንገድ አይዘጋም፣ ድምፅ በአገሪቱ የመኖሪያ አካባቢ መለኪያ መሠረት ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል አይበልጥም» ብሎ መጻፍ ቅርሱን ከጥበቃው ስሜት ይልቅ በደንብ ይጠብቀዋል። ብዙ ሕዝብ ለሚጠራ ዝግጅት ደግሞ ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ የተሻለ ሥፍራ አለ፤ መቶ ሜትሩም እዚያ ይገኛል።

ጸጥታን የሚያነሡም አሉ፤ ምክንያት የላቸውም አይባልም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሁከት የራስ መኮንን ሐውልት ከቆመበት አደባባይ መውደቁን ሐረር አልረሳችም። ይሁን እንጂ ያ የሆነው ቅጽ ሞልቶ፣ ስሙን ፈርሞ፣ ከ48 ሰዓት በፊት ባሳወቀ ሰው አይደለም። ለጥፋት የሚወጣ ሰው መዝገብ ቤት አይሄድም፤ ስለዚህ የፈቃዱን በር ማጥበብ የሚያስቀረው ሊሄድ የነበረውን ሰው ብቻ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከምርጫው ማግስት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰልፍ ለአንድ ወር መታገዱም ያንን ክረምት ሰላማዊ አላደረገውም። ማሳወቂያ ግን ለፖሊስም ይጠቅማል፤ ስንት ሰው፣ የት፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ማንን ደውሎ እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያውቃል።

«ለእያንዳንዱ ስብስብ ደብዳቤ ከተቀበልን ሥራ መቼ ልንሠራ ነው?» የሚል ሠራተኛም እውነት አለው፤ መልሱ ከስንት ሰው ጀምሮ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግ የሚለይ ወለል ማበጀት ነው። ኒው ዮርክ በመናፈሻዎቿ ፈቃድ የምትጠይቀው ከ20 ሰው በላይ ለሚገኝበት ዝግጅት ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ገብቶ ይቀመጣል። ለንደን ውስጥ ደግሞ እ.አ.አ. በ1866 የምርጫ ማሻሻያ ጠያቂዎች ሃይድ ፓርክ ሲዘጋባቸው አጥሩን ገነጣጥለው ገቡ፤ በ1872 ስለ መናፈሻዎች ሕግ ወጣ፤ ንግግር ለሚፈልግም የታወቀ ማዕዘን ተለየለት። ሐረር የሌላውን ቁጥር መቅዳት የለባትም። ሠላሳም ትበል አርባ፣ ወለሉ ተጽፎ ይለጠፍ እንጂ።

የሐረሪ ክልል ምክር ቤት ለዚህ አንድ አጭር ደንብ ቢያወጣ ይበቃል፤ የትኛው ቦታ ለምን እንደሚሆን፣ ማሳወቂያው የሚገባበት አንድ መስኮት የት እንደሆነ፣ መልሱ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ ክፍያ ካለም ስንት እንደሆነ የሚገልጽ፤ በአማርኛ፣ በሐረሪና በኦሮምኛ ተጽፎ በየመናፈሻው በር የሚለጠፍ። እስከዚያው ዝግጅት ያሰባችሁ አንባቢዎች ደብዳቤያችሁን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፤ በሁለተኛው ላይ የገባበትን ቀንና ሰዓት አስጽፋችሁ ማኅተም አስመቱበትና በእጃችሁ ያዙት።