ግቢው አንድ፣ ተከራዩ ብዙ

ታኅሣሥ ላይ የደብረ ብርሃንን ማለዳ የቀመሰ ሰው ጣት ሲደነዝዝ ስልክ እንደማይታዘዝ ያውቃል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። «ክፈል» የሚለው መንኪያ ከ«ተመለስ» ጋር ተጣብቆ ከተቀመጠ፣ የደነዘዘው ጣት ያላሰበውን ይነካል። ረፈድ ሲል ደግሞ ፀሐዩ ይከራል፤ በነጭ ላይ በግራጫ የተጻፈ ፊደል በእጅ ካልጋረዱት አይነበብም። የአንድሮይድ መመሪያ አንድ መንኪያ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይስፋ የሚለው ለጌጥ አይደለም።

እንዲህ ያለ የንድፍ ጥንቃቄ ስለሚያሻው ነገር ላውጋችሁ፤ ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ሚኒ አፕን ነው። ስልክ ላይ ለብቻው አይጫንም፤ በሌላ ትልቅ መተግበሪያ ሆድ ውስጥ የሚከፈት ትንሽ ድረ ገጽ ነው። ቻይናዊው ዊቻት በ2017 እ.ኤ.አ. በሰፊው አስለመደው። እኛ ዘንድ ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር ቆይቶ «ሱፐርአፕ» ሲሆን ብዙ ሰው ተዋወቀው።

ነገሩ ግቢ ማከራየት ነው። ትልቁ መተግበሪያ አከራይ ነው፤ ትኬት ሻጩም፣ ዕቃ አቅራቢውም ተከራዮች ናቸው። ሁሉም በአንድ በር ይገባሉ። ደንበኛው በየተከራዩ ቤት እንደ አዲስ አይመዘገብም፤ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ ዳታም አይጨርስም። ምቾቱ ይህ ነው፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ተራ ድረ ገጽ ስትከፍቱ አድራሻው ከላይ ተጽፎ ይታያል። ግቢው ውስጥ ግን አድራሻ የለም። ገጹ የማን እንደሆነ የምታውቁት በቀለሙና በአርማው ነው፤ ቀለም ደግሞ ማንም ይቀባል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት የማስቀድመው ሕግ፣ ተከራይ የአከራዩን ቁልፍ አይጠይቅም የሚለው ነው። የሚስጥር ቁጥር የሚጠየቀው በአከራዩ ገጽ ላይ ብቻ መሆን አለበት። ያ ገጽ የተከራዩን ክልል አልፎ ስክሪኑን ሙሉ ይይዛል፤ የተቀባዩን ስምና የብሩን መጠን በራሱ ቃል ይናገራል። ተከራዩም በላዩ ላይ ምንም እንዲደርብ አይፈቀድለትም። በሚታየው መንኪያ ላይ የማይታይ ገጽ ደርቦ ሰውን ያልፈለገውን ማስነካት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ ስም የወጣለት ማታለያ ነው።

«ተጠቃሚው አርማውን አይቶ ይለያል» የሚሉ ነዳፊዎች አሉ። አልስማማም። በ2007 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ደንበኞች ራሳቸው የመረጡት የባንክ ገጽ መለያ ሥዕል ሆን ተብሎ ሲነሣ፣ ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ የይለፍ ቃላቸውን እንዳለ አስገብተዋል። ሰው ያለውን ያያል እንጂ የጎደለውን አይቆጥርም። ጥበቃውን በተጠቃሚው ዓይን ላይ መጣል ለነዳፊው ይቀለዋል፤ ያው ስንፍና ነው።

ሌላው ፈቃድ ነው። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር ስሟም «የአንኮ በር» ነው ይባላል፤ በጥንቱ ዘመን ከቆላ የመጣ እንግዳ ያለ ፈቃድ ወደ ሸዋ ንጉሥ አይወጣም ነበር። የሚኒ አፕም ጥያቄ እንዲህ በበሩ፣ በሰዓቱ ቢሆን ጥሩ ነው። ትኬት ሻጭ ገና ሲከፈት የስልክ ማውጫችሁን ከጠየቀ ምን ሊያደርግበት ነው? ገንዘብ ወደ ወዳጅ ላኩ ሲባል ቢጠይቅ ግን ምክንያቱ ከፊታችሁ ነው። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ፣ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ቋንቋው ላይ ትንሽ ልቆይ። «ክፈል» ወንድን ብቻ ያዝዛል፤ «ይክፈሉ» ቢባል ሴቷም፣ ሽማግሌውም ይካተታሉ። «ሰርዝ» ደግሞ ያሳስታል። ክፍያውን ማቆም ነው ወይስ የተመዘገበውን ማጥፋት? ግራ የገባው ሰው የቀለለውን ይነካል፤ አጭበርባሪም የሚጠብቀው ያንን ነው። «ክፍያውን ተዉት» ቢባል ማን ይሳሳታል?

ከሁሉ የሚከፋው ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ መንገደኛ ትኬቱ «9:00» ብቻ ካለው፣ ከጧቱ ሦስት ነው ወይስ ከቀኑ ዘጠኝ? «ጧት 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር እንኳ አይፈጅም። መነኻሪያ ውስጥ ትኬት የሚቆርጥ ማንኛውም ሰው ይህን ሳይጠየቅ ያደርገዋል።