«ሩደ ቀልቢ»፦ የአትክልተኛው ልጅና የልዑሉ ልጅ ፍቅር

በየዓመቱ ሐምሌ 16 ቀን፣ በአውሮፓውያኑ ጁላይ 23፣ ግብፅ የ1952ቱን አብዮት ስታስብ የሀገሪቱ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አንድ የቆየ ፊልም ማሳየት ልማዳቸው ነው። ፊልሙ የጦር ሜዳ ታሪክ አይደለም፤ የፍቅር ታሪክ ነው። «ሩደ ቀልቢ» ይሰኛል፤ ትርጉሙም «ልቤን መልስልኝ» ማለት ነው። በ1957 ለዕይታ የበቃ ሲሆን፣ የአንድ ልዑል ግቢ አትክልተኛ ልጅ የሆነው ዓሊ ለልዑሉ ልጅ ለኢንጂ ያደረበትን ፍቅር ይተርካል።

ዓሊና ኢንጂ በአንድ ግቢ ያደጉ ናቸው። አንዱ በአበባው መደብ በኩል፣ ሌላይቱ በእብነ በረዱ ደረጃ በኩል። ዕድሜያቸው ሲጨምር የልጅነቱ ቅርበት ወደ ፍቅር ይለወጣል፤ ዓሊም የጦር አካዳሚ ገብቶ መኮንን ይሆናል። ዓሊን ሹክሪ ሰርሓን፣ ኢንጂን መርየም ፋኽረዲን፣ የኢንጂን ትዕቢተኛ ወንድም ዓላእን ደግሞ አሕመድ መዝሀር ተጫውተውታል።

ከሁሉ ይልቅ ተመልካች የማይረሳው ግን የአባትየውን ታሪክ ነው። ሬይስ ዐብዱልዋሒድን የተጫወተው አንጋፋው ተዋናይ ሑሴን ሪያድ ነው። ልጁ በፍቅር ሲሠቃይ ያየው ይህ አትክልተኛ አባት ወጉን ሊያደርስ ይነሣል። ሽማግሌ አይልክም፤ አማላጅም የለውም። ዕድሜ ልኩን አጎንብሶ አበባ ሲኮተኩት ወደኖረበት ቤት ብቻውን ገብቶ የልዑሉን ልጅ ለልጁ ይጠይቃል። ጥያቄው እንደ ዕብደት ይቆጠርበታል፤ ተዋርዶም ይባረራል። ከዚያች ቀን በኋላ አካሉ ሽባ ይሆናል፤ አንደበቱም ይያዛል።

በሁለቱ ቤቶች መካከል የሃይማኖት ልዩነት የለም። ኒካሑን የሚከለክለው ማዕረግ ብቻ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ስለ ተጋቢዎች መመጣጠን፣ ስለ «ከፋአ»፣ ከጥንት ጀምሮ ተከራክረዋል፤ የማሊኪ መዝሀብ ዋናውን ሚዛን በዲንና በሥነ ምግባር ላይ ሲያኖር፣ ሐነፊዎች የዘር ሐረግንና የሥራ ዓይነትን ጭምር ይቆጥራሉ። የልዑሉ ቤት ግን እስከዚህ ክርክር ድረስ እንኳ አልተጓዘም። በሩን የዘጋው ሳያመዛዝን ነው።

ፊልሙ የተመሠረተው በዩሱፍ አስ‑ሲባዒ ልብ ወለድ ላይ ነው። ደራሲው ራሱ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበር። ዳይሬክተሩ ዒዘዲን ዙልፊቃርም ወደ ሲኒማ የመጣው ከጦር ሠራዊት ሲሆን፣ የዓሊን ወንድም ሑሴንን የተጫወተው የዳይሬክተሩ ወንድም ሳላሕ ዙልፊቃር ከትወና በፊት የፖሊስ መኮንን ነበር። አሕመድ መዝሀርም እንዲሁ የቀድሞ ፈረሰኛ መኮንን ነው። የደንብ ልብሱ በተዋናዮቹ ላይ የተዋሰ ልብስ የማይመስለው በዚህ ምክንያት ይሆናል። (ኢንጂን የተጫወተችው መርየም በወቅቱ የዙልፊቃሮቹ ሦስተኛ ወንድም የማሕሙድ ባለቤት ነበረች፤ ነገሩ ግማሽ የቤተሰብ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።) ፕሮዲውሰሯ በትውልድ ሊባኖሳዊቷ አስያ ዳጊር ነበረች። አብዛኛው የግብፅ ፊልም በጥቁርና ነጭ በሚቀረጽበት ዘመን ይህን ሥራ በቀለም አውጥታዋለች።

የአትክልተኛ ልጅ መኮንን መሆኑ የደራሲ ምኞት ብቻ አልነበረም። ግብፅና ብሪታንያ በ1936 ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የጦር አካዳሚው በር ከባለጸጋ ቤት ላልወጡ ወጣቶችም መከፈት ጀመረ። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ልጅ የነበረው ገማል ዐብዱናስር መጀመሪያ ተመልሶ በ1937 የገባው በዚያ በር ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ንጉሥ ፋሩቅን ከዙፋን ያወረዱት መኮንኖች ከእነዚህ ወጣቶች መካከል የወጡ ነበሩ።

በፊልሙም የዓሊን ዕጣ የሚቀይረው አብዮቱ ነው። የፓሻና የቤይ ማዕረግ ይሻራል፤ በመስከረም 1952 የወጣው የመሬት ሕግ አንድ ባለርስት ከ200 ፈዳን በላይ እንዳይይዝ ይወስናል፤ ይህም 84 ሄክታር፣ በእኛ ልክ ሁለት ጋሻ ከምናምን መሆኑ ነው። ዓሊ የልዑሉን ንብረት የሚረከበው ኮሚቴ መኮንን ሆኖ ወደዚያው ግቢ ይመለሳል። ዓላእ መሣሪያ ይዞ ይጠብቀዋል፤ ጉዳዩም በተኩስ ይቋጫል።

ፊልሙ የአብዮቱ ልሳን ነው የሚሉት ተቺዎች ሐሰት አይናገሩም። ፍጻሜው አባት በአንደበቱ ለምኖ ያላገኘውን ልጅ በመንግሥት ወረቀት እንዲረከብ ያደርጋል፤ ኢንጂ ቤቷንና ስሟን በአንድ ጊዜ ስታጣ ምን እንደተሰማት ለመጠየቅም ብዙ ጊዜ አይወስድም። ዳንሰኛዋ ከሪማም አለች፤ ሂንድ ሮስቶም የተጫወተቻት። እርሷም ዓሊን ትወዳለች፤ ከእርሱ በታች የቆመችበትን ደረጃ ግን የሚያነሣ ሕግ አልወጣም። ፊልሙ ይህን ሳያስበው ያሳየው ይመስላል፤ ከታሰበበት ፍጻሜ ይልቅም የበለጠ እውነት አለው።

በግብፅ ዛሬም ከአቅሙ በላይ የሆነ ትዳር የሚመኝ ወጣት «የአትክልተኛው ልጅ» እየተባለ ይቀለድበታል። የሚቀልዱት ብዙዎቹ ፊልሙ ሲወጣ ያልተወለዱ ናቸው።

ሬይስ ዐብዱልዋሒድ ደግሞ አብዮቱ ሲፈነዳ አንደበቱ ይፈታል። ሑሴን ሪያድ ያን ትዕይንት የተጫወተው ድምፁን ከሩቅ እንደሚጎትት ሰው፣ ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ነው። ወደ ልዑሉ ደጅ የሚመለሰው ግን ልጁ ነው።