ቶነር ማስሞላት

ቶነር ማስሞላት ማለት ዱቄቱ ያለቀበትን የሌዘር ፕሪንተር ካርትሪጅ ሳይጥሉ አጽድቶና አዲስ ዱቄት ጨምሮ እንደገና መጠቀም ነው። በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና በትምህርት ቤቶች አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉና ፎቶ ኮፒ የሚያነሡ ትናንሽ ቤቶች ወጪያቸውን የሚቀንሱበት አንዱ መንገድ ነው።

የዋጋው ምክንያት

ካርትሪጅ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ዋጋው የብርን የምንዛሪ ተመን ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል።

አሠራር

የቶነር ዱቄት በዋናነት ከደቀቀ ፕላስቲክና ከጥቁር ካርቦን ይሠራል። ድራሙ ዱቄቱን በኤሌክትሪክ ኃይል ስቦ ወረቀቱ ላይ ያሳርፈዋል፤ የጋለው ፊውዘር ደግሞ አቅልጦ ያጣብቀዋል። ዱቄቱ ሲያልቅ ድራሙ፣ ብሌዱና ሮለሮቹ ብዙ ጊዜ ገና ደህና ናቸው። ማስሞላት የሚያዋጣውም ስለዚህ ነው።

በደንብ የተሞላ ካርትሪጅ የሚከተሉት ተሟልተውለታል፦
* በቆሻሻ መያዣው የተጠራቀመው አሮጌ ዱቄት ተደፍቷል፤ ካልተደፋ ሞልቶ ወረቀቱን ያቆሽሻል።
* ዱቄቱ ለካርትሪጁ ሞዴል የተሠራ ነው፤ የማይስማማ ዱቄት በደንብ ላይጣበቅ ወይም ፊውዘሩን ሊያበላሽ ይችላል።
* ድራሙ በእጅ አልተነካም፣ ብርሃን ላይም አልቆየም።

ድራም በጊዜ ብዛት ያልቃል። በገጹ ላይ እኩል እየተራራቀ የሚደጋገም ነጥብ ወይም መስመር ከታየ ድራሙ ሳይቀየር ዱቄት ብቻ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው።

የገጽ ዋጋ

ትክክለኛው ማነጻጸሪያ የካርትሪጁ ሳይሆን የአንዱ ገጽ ዋጋ ነው። አምራቹ ለኤች.ፒ. 12ኤ 2,000፣ ለ85ኤ ደግሞ 1,600 ገጽ ይገምታል። ግምቱ ቀለም የገጹን 5 በመቶ ያህል ብቻ እንደሚሸፍን ታስቦ የተሰጠ በመሆኑ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ ወይም ፎቶ ሲበዛ የገጹ ቁጥር ይቀንሳል።

ለምሳሌ ያህል፣ አዲስ ካርትሪጅ 3,200 ብር ተገዝቶ 1,600 ገጽ ቢያትም አንዱ ገጽ 2 ብር ይወጣል። በ800 ብር ተሞልቶ 1,000 ገጽ ብቻ ቢያትም 80 ሳንቲም ነው። በ800 ብር ተሞልቶ 300 ገጽ ላይ ቢቆም ግን 2 ብር ከ67 ሳንቲም ይሆናል፤ ርካሽ የመሰለው ከአዲሱ በልጧል ማለት ነው። ስለዚህ የተሞላበትን ቀንና የታተመውን ገጽ ብዛት መመዝገብ ይጠቅማል።

ቺፕ

12ኤ ቺፕ የለውም። በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ግን ቺፑ የቀረውን ቀለም ስለሚቆጥር፣ ካርትሪጁ ቢሞላም ፕሪንተሩ «አልቋል» ሊል ይችላል። አንዳንድ የኤች.ፒ. ፕሪንተሮች የሌላ አምራች ቺፕ ያለበትን ካርትሪጅ ይከለክላሉ፤ በሚሞላበት ጊዜ ኦርጅናሉን ቺፕ አለማስቀየር የሚመከረው ለዚህ ነው። በአሜሪካ ካርትሪጅ ሞልቶ መሸጥ በፓተንት ሕግ ያስጠይቃል ወይ የሚለው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ አምራቹ ሌክስማርክ ተረትቷል።

ሌሎች ቁጠባዎች

* ኅትመቱ ሲደበዝዝ ካርትሪጁን አውጥቶ ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ መነቅነቅ ጥቂት ገጾች ያስጨምራል።
* ለረቂቅ ቀለም ቆጣቢውን የኅትመት ምርጫ መጠቀም።
* በፈሳሽ ቀለም ለሚሠራ ፕሪንተር፣ ከጠርሙስ የሚሞላ ታንክ ያለውን መምረጥ። ኤፕሰን ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ መሸጥ ጀምሯል። ሳይሠራ ከከረመ ግን አፍንጫው ስለሚደርቅ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ማተም ይገባል።

ጥንቃቄና አወጋገድ

ዱቄቱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ አየር በሚገባበት ቦታ መሙላት ያስፈልጋል። ልብስ ላይ ከፈሰሰ መጀመሪያ ይራገፋል፣ ከዚያም በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ ሙቅ ውኃ ዱቄቱን ያጣብቀዋል። ባዶ ካርትሪጅ እሳት ውስጥ አይጣልም፤ የቀረው ዱቄት ቦግ ሊል ይችላል። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ በኢትዮጵያ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ይመራል፤ ያረጁ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚፈታቱበት ማዕከልም የተቋቋመው በአቃቂ ነው። ካርትሪጅን ደጋግሞ ማስሞላት ከገንዘቡ ሌላ የዚህን ቆሻሻ መጠን ይቀንሳል።