የፎገራ በሬ በላሜራ ላይ

በደብረ ታቦርና በወረታ መካከል ባሉ ሥጋ ቤቶች፣ በቆየ ታፔላ ላይ የተሣለውን በሬ ልብ ብሎ ያየ ሰው ሁለት ነገር ይገርመዋል። አንደኛ፣ በሬው ጥቁርና ነጭ ቡሬ ነው። ሁለተኛ፣ በጎን ቆሞ ሳለ ሁለቱም ዓይኖቹ ደንበኛውን ያያሉ። ቡሬነቱ የፎገራ ከብት ነው፤ ሠዓሊው እሱን እያየ ነው ያደገው። ዓይኑ ግን የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። በግድግዳ ሥዕላችን ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ በጎን በአንድ ዓይን የሚታየው ይሁዳ ወይም ሰይጣን ነው። በዚያ ሥዕል እጁን የፈታ ሰው በሬን እንኳ በአንድ ዓይን ልሣል ቢል እጁ እሺ አይለውም። ደግሞም የሚበላ ሥጋ ነውና ከሰይጣን ጎራ ባይመደብ ይሻላል።

ሙያዬ ታፔላ መሥራት ነው። ዛሬ ባነር ማተሙ ቢበዛም ያደግሁት በብሩሽ ነው። ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ አንቲረስት መቀባት፣ ሲደርቅ ነጭ ቀለም ማልበስ፣ በእርሳስ ነድፎ በዘይት ቀለም መሙላት፤ ቀለሙ ከወፈረ አኳራጅ ጠብ ማድረግ። የሥጋ ቤት ሥራ የሚበዛው በዐቢይ ጾም ነው። ቤቱ 55 ቀን ስለሚዘጋ ባለቤቱ ለፋሲካ ግድግዳውን ያስቀባል፣ ታፔላውንም ያሳድሳል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ በሬ፣ ቢላዋ፣ የተንጠለጠለ ሥጋ፣ መስቀል። የሙስሊም ቤት ከሆነ በመስቀሉ ፈንታ ጨረቃ። ይህ ምልክት ከተረሳ በሬው የቱንም ያህል ቢያምር ታፔላው ይመለሳል። ጠላ ቤት ግን ሠዓሊ አያስፈልገውም፤ እንጨት ላይ ጣሳ ደፍቶ ማቆም ይበቃዋል።

አሮጌ ታፔላ እሰበስባለሁ። የቆየ የምግብና የመጠጥ ማስታወቂያ ሥዕል መሰብሰብ በአሜሪካ ትልቅ ገበያ አለው። እዚያ የሚሰበሰበው ግን ሌላ ነው። ሃደን ሰንድብሎም የተባለው ሠዓሊ ከ1931 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ለኮካ ኮላ የገና አባትን በሸራ ላይ በዘይት ቀለም ይሥል ነበር፤ ሕዝቡ ያየው ግን በመጽሔትና በፖስተር የታተመውን ነው። ሸራው ለኅትመት ከተነሣ በኋላ ቤት ውስጥ ይቀራል፣ ዝናብ አያገኘውም። የእኛ ላሜራ ዋናውም ማስታወቂያውም እሱው ራሱ ነው። የጉና ተራራ ብርድ፣ የክረምት በረዶ፣ የልጆች ድንጋይ አርፎበታል። ስለዚህ «የድሮ ነው» ብሎ ሰው ታፔላ ይዞ ሲመጣ ከሥዕሉ በፊት የማየው የምስማሩን ቀዳዳ ነው። ተሰቅሎ የኖረ ላሜራ ዝገቱ ከቀዳዳው ቁልቁል ወርዷል፤ ከበርሜል የተዘረጋ ከሆነም የበርሜሉ ቀለበት በጀርባው ይታወቃል።

ከሰበሰብኋቸው አንዱ ጥጉ ላይ ቀለሙ ተቀርፏል። ከቀዩ ሥር ሰማያዊ አለ፤ ሰማያዊው ላይ የ«ሻ» ፊደል ግማሽ ይታያል። ሥጋ ቤት ከመሆኑ በፊት ሻይ ቤት ነበር ማለት ነው። የበሬውን ቀንድ የመጀመሪያው ሠዓሊ ሽቅብ አቁሞት ነበር፤ ያደሰው ሰው ዝቅ አደረገው፤ አሮጌው መስመር ግን እንደ ጠባሳ ከላዩ ቀለም ሥር ጎብጦ ይዳሰሳል። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ በሬ ሳይነጋገሩ የተከራከሩበት ላሜራ ነው።

ለእኔ ዋናው ነገር ግን ቡሬው ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከተስፋፋ ወዲህ የግጦሹ መሬት ጠብቧል፤ ከብቱም ከሌላ ዝርያ ጋር እየተደባለቀ ነው። ዛሬ ደንበኛ በስልኩ ይዞልኝ የሚመጣው በሬ ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ኮርማ ነው፤ ሻኛ የለውም። ከሥሩ ግን «የሻኛ ሥጋ አለን» ተብሎ ይጻፍበታል።

በእጅ የተሣለ ማስታወቂያ ሰብሳቢ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን በጋና ታይቷል፤ በዚያ የፊልም ማስታወቂያ በዱቄት ጆንያ ላይ በዘይት ቀለም ይሣል ነበር። ሰብሳቢዎች ደረሱበት፣ ሥዕሉም በአሜሪካና በአውሮፓ ጋለሪዎች ተሰቀለ፤ አሁን ለሰብሳቢ ተብሎ አዲስ የሚሣል አለ። ለሠዓሊው እንጀራ ነውና አልቃወምም፣ አዲሱን አሮጌ ነው ብሎ እስካልሸጠ ድረስ። ሥዕል ከቦታው መነሣቱ ለእኛም አዲስ አይደለም፤ በጎንደር በ1932 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዊው የማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ፣ የራሱ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ በሣላቸው ቅጂዎች ተካቸው። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ታፔላን ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጋር ማስተካከል ድፍረት ይሆናል። ሆኖም የእነዚያ ሥዕሎች አገራቸውና ደብራቸው ይታወቃል። የእኛ ታፔላ ለቆራሌው ከተሸጠ ወይ ምድጃ ይሆናል፣ ወይ የዶሮ ቤት በር። ተርፎ ሰብሳቢ እጅ ቢገባ እንኳ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ የማንም በሬ ነው።

አሮጌ ታፔላ ለሚያስቀምጥ ሰው የምለው ጥቂት ነው። በኦሞ አይታጠብ። በጋዝም አይወልወል፤ ለአንድ ቀን ያብለጨልጭና ከዚያ አቧራ ይስባል። ዝገት ከሥር ገፍቶ ያሳበጠውን ቀለም በጣት መጫን ማራገፍ ነው፤ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል። ከጭቃ ግድግዳ ጋር አይጣበቅ፤ እርጥበቱ ከጀርባ ይበላዋል። የጎደለውን ቀንድ እንድሞላ የሚጠይቁኝ አሉ፤ አልሞላም። እኔ ከሞላሁት በኋላ የእኔ ሥራ ይሆናል።

ባለ ሥጋ ቤቶችና ባለ ምግብ ቤቶች፣ ባነር ልታሰቅሉ ስትሉ አሮጌውን ታፔላ ከማውረዳችሁ በፊት እንደተሰቀለ ፎቶ አንሡት። ካወረዳችሁት በኋላ የቤቱን ስም፣ ቀበሌውን፣ የተሣለበትን ዓመተ ምሕረትና የሠዓሊውን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ከጀርባው እሰሩለት። ስሙን ካላወቃችሁ ጎረቤት ጠይቁ። ከእነዚያ ሠዓሊዎች ዛሬም በከተማችን የሚኖሩ አሉ፤ ታፔላው ላይ የባለቤቱን ስም እንጂ የራሳቸውን አልጻፉም።