ኮምፒውተር ዜማን ሲያጅብ ቅኝቱ እንዳይጠፋ



ከመሥሪያ ቤት መልስ ዘፈን መድረስ የሚወድ ሰው ዛሬ የግድ ኦርኬስትራ አያሻውም። በአርባ ምንጭም ሆነ በአዲስ አበባ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የሙዚቃ ፕሮግራም ሊበቁት ይችላሉ። እንደ ኩቤዝ ያሉት ፕሮግራሞች ለዜማ ማጀቢያ የሚሆኑ ኮርዶችን እያከታተሉ ለደራሲው ያቀርቡለታል። ኮርድ ማለት ሦስት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ድምፆች ባንድ ጊዜ ሲሰሙ ነው። ደራሲውም ያማረውን ያስቀራል፤ ያላማረውን ይለውጣል። ፒያኖ መምታት ለማይችል ሰው ይህ ታላቅ ረዳት ነው።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሙ ኮርድ የሚመርጠው በአብዛኛው ሰባት ድምፅ ባለው የአውሮፓ ሥርዓት ሲሆን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። ለምሳሌ ከዶ የሚነሣው ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በዓለም የዘፈን ገበያ እጅግ የተለመደው አካሄድ ደግሞ የዶ፣ የሶል፣ የላና የፋ ኮርዶች ተከታትለው የሚመጡበት ነው። ከእነዚህ የዶና የላ ኮርዶች ከቅኝቱ አይወጡም። የሶል ኮርድ ግን ሲን፣ የፋ ኮርድም ፋን ይዞ ይገባል። ሁለቱም በትዝታ ውስጥ የሌሉ ናቸው። ስለዚህ ዘፋኙ በትዝታ ሲያዜም አጃቢው ወደ ሌላ ቅኝት ይሄድበታል፤ አድማጩም ምክንያቱን ባያውቀው እንኳ የዘፈኑ ለዛ እንደ ጐደለ ይሰማዋል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። አስቀድሞ አምስቱን ድምፆች ለይቶ መያዝ፣ ከዚያም በሶል ኮርድ ፈንታ ሶል፣ ዶና ሬን፣ በፋ ኮርድ ፈንታ ደግሞ ሬ፣ ሶልና ላን አንድ ላይ አሰምቶ መመርመር ነው።

ይህ ማለት ግን የውጭ ድምፅ ከቶ አይግባ ማለት አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በአሜሪካ በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው፣ የአገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ኮርዶች ጋር በማዋሐድ ኢትዮ ጃዝን አስገኝተዋል። ነገር ግን እርሳቸው ይህን ያደረጉት ቅኝቱንም ኮርዱንም ጠንቅቀው ዐውቀው ነው።

በተለይ ለጋሞ ልጆች ሌላም ትምህርት ቤት በቅርብ አለላቸው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሲወጣ በሚገኘው ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች በብዙ ድምፅ የሚያዜሙት ዜማ የታወቀ ነው፤ ፈረንሳዊው የሙዚቃ መርማሪ ቤርናር ሎርታ ዣኮብም በ1960ዎቹ ዓ.ም. ቀርጸውታል። በዚህ አዘፋፈን ስምምነቱ የሚገኘው ከኮርድ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱን መንገድ ይዞ ከሌላው ጋር ሲደራረብ ነው። ኮምፒውተርም ለዚህ ይመቻል፤ አንዱን ድምፅ ቀርጾ ሁለተኛውን በላዩ፣ ሦስተኛውንም በዚያ ላይ መጨመር ይቻላልና።

እንግዲህ ዘፈን ደራሲው ፕሮግራሙን ከመክፈቱ በፊት ዜማውን ያለ አጃቢ ደጋግሞ ያዚም፤ ቅኝቱንም ይለይ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ የሚያቀርብለትን ኮርድ ሁሉ በዚያው ቅኝት ይመዝን።