ስክሪኑ ጠፋ ማለት ፎቶው ጠፋ ማለት አይደለም

በጌጃ ሰፈር ብዙ ቤቶች ውስጥ ኮምፒዩተሩ የሚቀመጠው ሳሎን ነው። ከቡፌው አጠገብ ወይም ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ አንዳንዴም ዳንቴል ለብሶ። ልጆች ያጠኑበታል፣ ይጫወቱበታል። ወላጆች የሠርጉንና የክርስትናውን ፎቶ ያስቀምጡበታል። አንድ ቀን ታዲያ መብራት ሄዶ ይመለስና ማሽኑ ይነሳል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ወይም ልጁ ጌም ላይ እያለ ስክሪኑ በቀለም መስመርና በነጠብጣብ ተሸፍኖ ቀጥ ይላል።

በዚህ ጊዜ ልጁ የሚጨነቀው ስለ ጨዋታው ነው፤ እናትና አያት የሚጨነቁት ግን ስለ ፎቶዎቹ ነው። ለእነሱ የሚሆን መልካም ዜና አለ። እንዲህ ያለው ብልሽት ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ካርድ፣ የሰፈር ባለሙያዎች «ቪጂኤ ካርድ» የሚሉት ዕቃ ችግር ነው። የካርዱ ሥራ ኮምፒዩተሩ ያሰላውን ወደ ምስል ለውጦ ወደ ስክሪኑ መላክ ነው። የራሱ ማስታወሻ ቢኖረውም መብራት ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ፎቶውና የልጁ የጥናት ጽሑፍ የሚቀመጡት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ስለዚህ ካርዱ ቢቃጠል እንኳ ፎቶዎቹ በቦታቸው ናቸው። ለካርድ ብልሽት «ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል ባለሙያ ከገጠመዎ ምክንያቱን ይጠይቁት፤ ፎርማት የተቃጠለ ካርድ አያድንም፣ ፋይል ግን ያጠፋል።

መጀመሪያ ምልክቱን ማየት

ብልሽቱ መቼ እንደሚታይ ማስተዋል ግማሹን ሥራ ያቀላል። ማሽኑ ሲነሳ፣ ገና የአምራቹ ስም ሲመጣ ጀምሮ መስመር ወይም ነጠብጣብ ካለ፣ ችግሩ የዕቃ ነው፦ ካርዱ፣ ኬብሉ ወይም ሞኒተሩ። መጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ዊንዶውስ ሲከፈት ብቻ የሚበላሽ ከሆነ ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ማለትም ድራይቨሩ ሊሆን ይችላል፤ በሴፍ ሞድ ከፍቶ ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና መጫን ያዋጣል። ጌም ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሙቀትን ወይም የደከመ ፓወር ሰፕላይን ይጠርጥሩ።

ስክሪኑ ጨርሶ ከጠቆረ ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ይጫኑ። መብራቷ የምትበራና የምትጠፋ ከሆነ ማሽኑ ሕያው ነው፤ የጎደለው ምስሉ ብቻ ነው።

ገንዘብ ሳይወጣ የሚሞከር

ከሁሉ በፊት ኬብሉን ነቅለው በደንብ መልሰው ይሰኩ። ቤት ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን የኤችዲኤምአይ ሶኬት ካለውና ኮምፒዩተሩም ካለው ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተው ይሞክሩ። ምስሉ ቴሌቪዥኑ ላይ በደንብ ከመጣ፣ የታመመው ሞኒተሩ ወይም የሞኒተሩ ኬብል ነው።

ይህ ካልሠራ ካርዱን አውጥቶ መመለስ ነው። ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ። የማስነሻውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ያስወጡ። የሳጥኑን ብረት ነክተው ካቻቢቴ አንሡና የጎኑን ክዳን ይክፈቱ። ካርዱ ከኋላ በብሎን፣ ከማዘርቦርዱ ጋር ደግሞ በትንሽ ማቆለፊያ ተይዟል። ሁለቱንም ፈትተው ቀጥ አድርገው ያውጡት። ወርቃማውን ጠርዝ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው ጠርገው ብናኙን ያራግፉና ቀጭ እስኪል መልሰው ይጫኑት። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣ ገመድ ካለው እሱንም መልሰው መሰካት አይርሱ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን በፍጹም አይክፈቱ፤ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኃይል ይዞ ይቆያል።

አሁንም ምስል ከሌለ አንድ መውጫ ቀርቷል። አብዛኞቹ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ያለ ካርድም ምስል ያወጣሉ፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ምስል ሠሪ አብሮ አለ። ካርዱን አውጥተው የሞኒተሩን ገመድ ፍላሽ ከሚሰካባቸው ሶኬቶች አጠገብ ባለው የማዘርቦርዱ ሶኬት ላይ ይሰኩት። ሁሉም ፕሮሰሰር ይህ የለውም፤ ለምሳሌ የኢንቴል ሆኖ የሞዴል ቁጥሩ በ«ኤፍ» ፊደል የሚያልቅ ከሆነ የለውም። ካለው ግን ማሽኑ ያን ቀኑን ወደ ሥራ ይመለሳል። ከባድ ጌም አይችል ይሆናል እንጂ ለጥናት ይበቃል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠቱን ላሰበ ወላጅ፣ ልጁ እጁን የሚያፍታታበት ማሽን ቤት ውስጥ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ካርዱን ምን ይገድለዋል?

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል፤ ስለዚህ ያው ፋን ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያቀዘቅዘው ያነሰ ነው። በዚያ ላይ የመንገዱ አቧራ፣ የቡናው ከሰል ብናኝና የዕጣኑ ጢስ ፋኑ ላይ ይጋገራሉ። ዳንቴሉ ያምራል፤ ግን ማሽኑ ሲሠራ መነሣት አለበት። ቡፌ ውስጥ የተወሸቀ ኮምፒዩተርም መተንፈሻ ያጣል። በጥቂት ወር አንድ ጊዜ ክፍቱን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ዕድሜውን ያረዝማል፤ ሲያራግፉ ፋኑ እንዳይዞር በጣት ይያዙት።

ሁለተኛው ጠላት ተመላልሶ የሚሄድ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ማጥፋት፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ማስነሳት ምንም አያስከፍልም። ተራ ዲቫይደር መብራቱን ያካፍላል እንጂ አይጠብቅም። ስታቢላይዘር የሚዋዥቀውን ኃይል ያስተካክላል፤ ዩፒኤስ ደግሞ መብራት ሲሄድ ሥራ አስቀምጦ ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል።

ኦቨን ውስጥ አታስገቡት

ወጣቶች «ካርዱን ኦቨን ውስጥ አሙቀው ያድኑታል» የሚል ነገር ይሰማሉ። ወሬው መነሻ አለው። እ.ኤ.አ በ2008 ኤንቪዲያ የተባለው አምራች በአንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ ለታየ ብልሽት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ አስታውቆ ነበር። ቺፑን ከመቀመጫው የሚያያይዙት ጥቃቅን ብየዳዎች በመሞቅና በመቀዝቀዝ ብዛት ይሰነጠቁ ነበር። ማሞቅ አንዳንዴ ለጥቂት ቀን ያነሣዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወድቃል። ትርፉ ዳቦ በሚጋገርበት ኦቨን ውስጥ የፕላስቲክና የኬሚካል ጢስ ነው።

ለመግዛት ከተወሰነ

ብር በገበያ መወሰን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ዕቃም ከብዷል። ስለዚህ «አዲስ ካርድ ግዛልኝ» ሲባል መጀመሪያ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለጌም ወይም ለቪዲዮ ሥራ ከሆነና አሮጌ የሚገዙ ከሆነ፣ ካርዱ ሱቁ ውስጥ ከባድ ጌም ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፤ ዋስትናውም በወረቀት ይሁን። እ.ኤ.አ መስከረም 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መመረት ሲያቆም፣ ቀንና ሌሊት ሲነዱ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ወጥተዋል። ፓወር ሰፕላዩም አዲሱን ካርድ መሸከም መቻሉን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ማሽኑ ለጥገና የሚሄድ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን አስወጥተው ቤት ማስቀረት ይችላሉ። ከዚያም የሚበልጠው ማሽኑ ደኅና ሳለ ፎቶዎቹን በሁለት ቦታ መገልበጥ ነው፤ አንዱ ቤት፣ ሌላው ዘመድ ጋ። ልደታ በመልሶ ማልማት ብዙ ተለውጣለች፤ አሮጌ ግቢዎች በነበሩበት ኮንዶሚኒየም ቆሟል። የዚያ ግቢ፣ የዚያ በር፣ የዚያ ጎረቤት ምስል ያለው ምናልባት በዚህ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ካርድ ከገበያ ይገዛል፤ እሱ ግን አይገዛም።